እናቴ ሰኞ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፤ ምን ይዘን እንግባ?

የአራት ኪሎዋ | ረቡዕ ማታ 2:40

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። እንቅርት አለባት። ለብዙ ዓመት በሻሽ ሸፍናው ኖራለች። አሁን ግን በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሐኪሙም «ይውጣ» አለ። ወራት የጠበቅነው ተራ ደረሰና ዛሬ ተደወለልን። እሑድ አልጋ እንይዛለን፣ ሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮን። የመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ እዚሁ መሀል ከተማ።

ከቤታችን ሆስፒታል የተኛ ሰው የለም። የደወለችልን ልጅ «ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ» ብላ ዘጋችው። የትኛውን ዕቃ? እስካሁን ሻንጣው ውስጥ ያለው አንድ ጋቢ፣ ሁለት የሌሊት ልብስ፣ ፎጣና የጸሎት መጽሐፏ ነው። እሷ በበኩሏ ዳቦ ቆሎ እያዘጋጀች ነው። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ነጭ ጋዋን | ረቡዕ ማታ 3:15

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነኝ። የናንተ ሆስፒታል ሌላ ነገር ካዘዛችሁ የነሱን ስሚ።

መጀመሪያ ወረቀት። ጋቢ ረስቶ የመጣ ሰው ጎረቤት አልጋ ያውሰዋል። የአልትራሳውንድ ውጤቱን የረሳን ማን ያውሰዋል? የሆስፒታል ካርድ፣ ሪፈር ወረቀት፣ የደም ምርመራ (የእንቅርት ሆርሞኑን ጭምር)፣ አልትራሳውንድ፣ ኤክስሬይ፣ ከእንቅርቱ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ከሆነ የሱ ውጤት፣ መታወቂያ፣ የጤና መድህን ካላችሁ እሱም። ሁሉንም በአንድ የፕላስቲክ ፋይል አድርጊና በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው። ፋይሉ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ እጅሽ ላይ ይሁን።

ቀጥሎ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ከነማሸጊያው። «ጠዋት ጠዋት አንዲት ነጭ ክኒን እውጣለሁ» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ነጭ ክኒን ስንት ዓይነት መሰላችሁ! አስፕሪን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የስኳር ወይም የግፊት ካለ ነገውኑ ደውለሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ቀደም ብሎ መቆም አለበት። አንዳንዱ ደግሞ በዚያው ጠዋት በጥቂት ውሃ ይዋጣል። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቁስሉ የሚሆነው አንገት ላይ ነው። በጭንቅላት የሚጠለቅ የሌሊት ልብስ ከያዝሽ መልሺው። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ይሁን። አንድ ተጨማሪ ትራስም ያዢ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ጭንቅላታቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚተኙት።

የቀረው የምታውቂው ነው። ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ኩባያና ማንኪያ።

የአራት ኪሎዋ | ረቡዕ ማታ 3:22

ሁለቱም የሌሊት ልብስ በጭንቅላት የሚጠለቅ ነው! ተባረኪ።

የፒያሳዋ | ረቡዕ ማታ 3:50

ዕቃ አታብዙ። እኔ አምና የግል ሆስፒታል ነበር የተኛሁት። ትልቅ ሻንጣ ጎትቼ ገብቼ የተጠቀምኩት ነጠላ ጫማና ቻርጀር ብቻ ነው። አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ምግቡ ሁሉ ከነሱ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን | ረቡዕ ማታ 4:30

የፒያሳዋ፣ አንቺ የገባሽው ሆቴል ነው።

ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ 19 ቀን አስታምሜዋለሁ። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ነርሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እሱ የእናትሽ ሻንጣ ነው። ያንቺስ?

በሽተኛ ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ልብሱን ያስወልቁታል፣ የነሱን ያለብሱታል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ይተኛል። የሚንከራተተው አስታማሚው ነው። ፋርማሲ ሂድ፣ ካርድ ክፍል ሂድ፣ ይቺን ናሙና ላቦራቶሪ አድርስ፣ ይሄን ፎቶ ኮፒ አስደርገህ ና። እኔ የመጀመሪያውን ቀን በቆዳ ጫማ ገባሁ። ማታ ላይ ተረከዜ ተልጦ ከወንድሜ እኩል እያነከስኩ ነበር።

ስለዚህ ላንቺ የሚመች ስኒከር። ለብቻሽ ጋቢ፣ የእናትሽን አትቁጠሪው። የምታድሪው ወንበር ላይ ነው፣ እሱም ከተገኘ። የኅዳር ብርድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አጥንት ድረስ ይገባል። ካልሲ ደርቢ። ፓወር ባንክ ካለሽ ያዢ። ሶኬቱ ለስንት አልጋ አንድ ነው፣ እሱም ወረፋ አለበት። ገመዱ ረዘም ያለ ማከፋፈያ የያዘ ሰው የዋርዱ ንጉሥ ነው። በሁለተኛው ቀን የሁሉንም ስም አውቄ ነበር፣ ሁሉም «ወንድም፣ ትንሽ ልሰካ» እያሉ ሲመጡ።

ዝርዝር ብር ያዢ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ታክሲውም ድፍን ብር ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ቴሌብር ላይም ትንሽ ገንዘብ ይኑርሽ። «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም፣ ውጭ ግዙ» የሚባለው ሁልጊዜ በሌሊት ነው። ያኔ መጀመሪያ ከነማን ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ይሻላል። የሚሮጥ ሰው ግን ካሁኑ መድቢ። ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ ማንም ይሁን። አንቺ ሮጠሽ ስትመለሺ ሐኪሞቹ በየአልጋው የሚዞሩበትን ራውንድ ጨርሰው ታገኛቸዋለሽ፣ የጓጓሽለት ጥያቄ ለነገ ያድራል።

ስልክሽን ሰክተሽ አትሂጂ። እኔ ሰክቼ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ የተረፈኝ ቻርጀሩ ነው። የት ሆስፒታል እንደነበር ይቅር፣ የትም ያጋጥማል።

የመርካቶ ልጅ | ሐሙስ ጠዋት 1:05

አላህ ያሽርልሽ። ፔርሙዝ ላይ ስም ጻፉ! ሁሉም ቤት ያለው ያው አንድ ዓይነት ፔርሙዝ ነው። የኛ አጥሚት ሌላ አልጋ ሄዶ የሰው ሻይ መጣልን። አባቴ ስኳር አለበት፣ ሻይው ደግሞ በስኳር የተገደለ ነበር። ደግነቱ እህቴ ቀድማ ቀመሰችው።

ደም አዘጋጁ ከተባላችሁ ደግሞ እስከ ሰኞ አትጠብቁ። ደም ባንኩ ስታዲየም አካባቢ ነው። የሚሰጠው ሰው ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ በላይ መሆን አለበት። በልቶ ይሂድ። ጾም ላይ ያለ ዘመድ ሰብስባችሁ ወስዳችሁ አንዱ ዘጭ ቢል ሁለት በሽተኛ ይሆንባችኋል።

ጡረተኛው | ሐሙስ ጠዋት 3:20

ልጄ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ሁለት ዓመት ሆነኝ ፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ከሆንኩ። ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። ወርቅ እቤት ይቅር። ቀለበት፣ ሀብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ ሁሉም። እኔ የጋብቻ ቀለበቴ 35 ዓመት ጣቴ ላይ የኖረ ስለሆነ አልወጣም ብሎ በዚያ ጠዋት በሳሙና ስንታገል ነበር። እናትሽም ካላቸው ዛሬውኑ በቤት ሞክሩት።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ክዳን ያለው ዕቃ ያዢለት፣ ላዩ ላይም ስም ይጻፍ። የኔ ጥርስ በሶፍት ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ከመግባቱ በፊት ባለቤቴ ናት የያዘችው። መነጽርም እንደዚያው።

ደብተርና እስኪብርቶ ያዢ። አንድም ሐኪሙ የሚለውን ለመጻፍ። ደግሞም ከአንገት ኦፕራሲዮን በኋላ ጉሮሮ ስለሚያም ማውራት ሊሰለቻቸው ይችላል።

የአራት ኪሎዋ | ሐሙስ ጠዋት 4:10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ወርቅ የላትም፣ ግን አንገቷ ላይ ማተብ ከብር መስቀል ጋር አለ። እሱን አውልቂ ብላት ኦፕራሲዮኑን የምትሰርዘው ይመስለኛል።

ነጭ ጋዋን | ሐሙስ ምሳ ሰዓት 6:45

ካሁኑ አስረጃቸው። ቁስሉ ማተቡ ያለበት ቦታ ላይ ስለሆነ አንገት ላይ ሊቆይ አይችልም። የብር መስቀሉም ይወጣል። እዚያ ውስጥ ደም ለማቆም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቃጠያ እንጠቀማለን፣ ሰውነት ላይ ያለ ብረት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ክሩን ብቻ እጃቸው ላይ ለማሰር ግን ቡድኑን ጠይቂ። እኛ ጋ በፕላስተር ሸፍነን የምናስገባበት ጊዜ አለ። መስቀሉን አንቺ ያዢላቸው። «በር ላይ ይዤልሽ እቆማለሁ» ስትያቸው ብዙዎቹ እናቶች እሺ ይላሉ።

ጥፍር ቀለም፣ ሂና፣ እንሶስላ ካለ ደግሞ ንገሩን። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በቀለም ውስጥ በደንብ ላያነብ ይችላል። የሚለቀቀውን ልቀቁት፣ የማይለቀቀው ከሆነ ሌላ ቦታ እንሰካዋለን።

እሑድ ማታ ገላቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ምንም ነገር ግን በምላጭ እንዳትላጩ። ምላጭ ቆዳን በማይታይ ሁኔታ ይሰነጥቃል፣ ጀርም በዚያ ይገባል።

የመርካቶ ልጅ | ሐሙስ ቀን 7:30

ነጭ ጋዋን፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ። አክስቴ በሚቀጥለው ወር ትገባለች። ሂጃቧን አውልቂ ይሏታል ብላ ካሁኑ እንቅልፍ አጥታለች።

ነጭ ጋዋን | ሐሙስ ቀን 8:00

የራሷ ይቀራል፣ ግን ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ ፀጉር የሚሸፍን ቆብ ይሰጠዋል። እስከ በሩ በሂጃቧ ትሂድ፣ እዚያ ሴት ነርስ ትቀይርላት። ስትመለስ መጀመሪያ እሱን እንዲያለብሷት ቀድማችሁ ንገሩ። ፒንና ብረት የሌለው ሻሽ ይዛ ትምጣ።

የዲሲዋ | ሐሙስ ማታ 1:15

ሰዓት! ሰዓት! ሰዓት! እኔ አገር ቤት መጥቼ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ልሆን ነበር። «ከስድስት ሰዓት በኋላ ምንም እንዳትቀምሺ» ተባልኩ። ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት ነው። በጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ፣ በስልኬ 5 ሰዓት መሆኑ ነው፣ እንቁላል ፍርፍሬን በልቼ፣ ገና አንድ ሰዓት አለኝ ብዬ ቡና ደገምኩበት። በር ላይ «መቼ በላሽ?» ሲሉኝ ኩራት እየተሰማኝ ነገርኳቸው። ወደ ቤቴ መለሱኝ። ሌላ ተራ ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን | ሐሙስ ማታ 1:20

ቡና ደገምኩበት ያልሽው ገደለኝ።

የአራት ኪሎዋ | ሐሙስ ማታ 2:05

እኛ በሐበሻ ሰዓት ነን፣ ከሌሊቱ 6 ነው። እናቴን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እኔን ነው ጾም የምታስተምሪኝ?» አለች። የነቢያትን ጾም እየጾመች ነው። ጭንቄ ሌላ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰው ልካ ጸበል አስመጥታለች። ሰኞ ጠዋት ጠጥቼው ነው የምገባው ብላለች። ምን ልበላት?

ስም የለኝም | ሐሙስ ማታ 2:20

ጸበል ካለ ኦፕራሲዮን ለምን? እዚያው ወስደሽ አስጠምቂያት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን | ሐሙስ ማታ 2:24

ጥያቄው ምን ይዘን እንግባ ነው፣ እንግባ ወይስ አንግባ አይደለም።

ነጭ ጋዋን | ሐሙስ ማታ 3:40

እኔም አማኝ ነኝ፣ ስለዚህ በደንብ ስሙኝ። ጸበል ለነፍስ ጸበል ነው፣ ለጨጓራ ግን ውሃ ነው። ማደንዘዣ ሲሰጥ ሰውነት ይዝላል፣ ጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያ ደግሞ ሊገድል ይችላል። በሕክምናው መመሪያ ከምግብና ከወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ይበቃል። ብዙ ሆስፒታል ግን ተራ ስለሚቀያየር ሁሉንም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያስቆማል። የነሱን ጠብቁ። ማስቲካም አይታኘክ።

ጸበሉን እሑድ ማታ ይጠጡት። ሰኞ ጠዋት ፊታቸውንና ግንባራቸውን ይቀቡት፣ አንገታቸውን ግን አትንኩት።

ጡረተኛው | ሐሙስ ማታ 4:00

ልጄ፣ አንቺ ከምትከራከሪያቸው የንስሐ አባታቸውን አስደውይ። ባንድ አፍ ያልቃል። በዚያው ከኦፕራሲዮን በኋላ ወተትና እንቁላል መቅመስ እንዲፈቅዱላቸውም ጠይቂ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም። ሳትጠይቂ ሄደሽ በወተት የተሠራ አጥሚት ብታቀርቢ ግን ጥርሳቸውን ይገጥሙብሻል።

የአራት ኪሎዋ | ዓርብ ቀን 9:30

ጋሼ፣ አባን ደወልኩላቸው። «ሐኪሙ ያለውን ስሚ፣ ጾሙንም ለጊዜው ፈትቼሻለሁ» አሏት። አለቀ። እኔ ሁለት ቀን የለፋሁበት በሁለት ደቂቃ!

ማተቡንም እሺ ብላለች። ዳቦ ቆሎው ለነርሶቹ መሆኑ ታወቀ።

ነጭ ጋዋን | ዓርብ ማታ 2:10

ዳቦ ቆሎው የትኛው ሆስፒታል ነው ያልሽኝ?

የፒያሳዋ | ዓርብ ማታ 2:30

ቅድም ስለ ሆቴሉ የተነገረኝን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሚጠይቃችሁ ዘመድ ባንዴ እንዳይመጣ ተራ አውጡለት። ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙዝ ይዞ ይመጣል። በአራተኛው ቀን ማንም የለም፣ ሙዙ ግን አለ።

የአራት ኪሎዋ | ሰኞ ቀን 5:50

ዛሬ አልተደረገም። እሑድ ገብተን አደርን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አዘጋጇት፣ ከዚያ አንድ ልጅ በድንገተኛ ገባና የሷ ተገፋ። ረቡዕ ተባልን። ከሌሊት ጀምራ እህል ውሃ ሳትቀምስ የተኛችውን ሳያት አለቀስኩ። እሷ ግን «የዚያ ልጅ እናት ምን ሆና ይሆን» እያለች ነው።

ነጭ ጋዋን | ሰኞ ቀን 7:10

አይዞሽ። መገፋት ያለ ነው፣ ግፊት ከፍ ቢል ወይም ጉንፋን ቢይዝም ሊገፋ ይችላል። አሁን መብላት እንደሚችሉ አረጋግጪና አብያቸው። የሁለት ቀን ቅያሪ ልብስም አስልኪ።

ለረቡዕ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በይ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንገታቸው ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካስቸገራቸው «ራውንድ ይምጣ» ብለሽ አትጠብቂ፣ ጮኸሽ ጥሪ። ጣታቸው ወይም ከንፈራቸው ዙሪያ ከነዘራቸውም ወዲያው ንገሪ። ከእንቅርቱ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ሲነኩ ካልሲየም ይወርዳል፣ ቶሎ ከተነገረ ግን ይታከማል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን | ሰኞ ማታ 2:00

ማከፋፈያ ይዘሻል አይደል?

የአራት ኪሎዋ | ሰኞ ማታ 2:15

ይዣለሁ። ስድስት ስልክ ተሰክቶበታል። የኔ አልተሰካም።

የአራት ኪሎዋ | ዓርብ ጠዋት 4:30

ከኦፕራሲዮኑ በሰላም ወጥታለች! ረቡዕ ጠዋት ገብታ ቀን 7 ሰዓት ላይ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ድምጿ ትንሽ ጎርነን ብሏል፣ ሐኪሙ ይስተካከላል ብሎናል። ነገ ሳንወጣ አንቀርም።

ለሌላ ሰው እንዲጠቅም፣ ከያዝነው ውስጥ ፋይሉ በቀን አሥር ጊዜ ተከፍቷል። ከፊት የሚከፈተው የሌሊት ልብስ ባይኖር ጉድ ሆነን ነበር። ትራሱም እንደዚያው። ጋቢ ሁለት ይዤ ገብቼ አንዱን አጠገባችን ያለች ከገጠር የመጣች እናት ለብሳዋለች፣ አልቀበላትም። መጽሔት፣ የፊት ክሬም፣ ሁለተኛው ፎጣ፣ ሦስተኛው ሳህን አልተነኩም። የረሳሁት የጥፍር መቁረጫና ለራሴ የጥርስ ብሩሽ ነው።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ ሦስት ሰው ስሟንና ምኗ እንደሚቀደድ ጠየቃት። በሦስተኛው «ልጆቼ፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ» አለቻቸው።

ነጭ ጋዋን | ዓርብ ጠዋት 4:50

እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ! ደጋግሞ መጠየቁ ሥራችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 ያወጣው ማረጋገጫ ቅጽ አለ፣ ሰውየው፣ ኦፕራሲዮኑና ቦታው ትክክል መሆኑ ሳይጠየቅ አይጀመርም። ሦስት ጊዜ ስለጠየቋቸው ደስ ይበልሽ።

የመርካቶ ልጅ | ዓርብ ጠዋት 5:00

አልሐምዱሊላህ! ፔርሙዙስ?

የአራት ኪሎዋ | ዓርብ ጠዋት 5:10

ስሟን በትልቁ ጽፌበት ነበር። የጠፋው ክዳኑ ብቻ ነው።

ጡረተኛው | ዓርብ ቀን 6:30

እንኳን ማረልን ልጄ። ደብተሩስ ጠቀመ?

የአራት ኪሎዋ | ዓርብ ቀን 6:40

ጋሼ፣ እሱን ሳልነግርዎ! ከማደንዘዣው ነቅታ ገና ዓይኗን ስትገልጥ በእጇ ጻፍ ጻፍ አድርጋ አሳየችኝ። ውሃ ፈልጋ ይሆናል፣ አሟት ይሆናል ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ደብተሩን ሰጠኋት። የጻፈችው «የጓዳውን በር ቆልፈሽዋል?» ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን | ዓርብ ቀን 6:42

ቆልፈሽዋል?

የአራት ኪሎዋ | ዓርብ ቀን 6:45

አልቆለፍኩትም። እንዳትነግሯት።